ያረጀ ትልቅ የፍሳሽ ቦይ እንዴት ይታደሳል፦ ለደሴ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ከጦሳ ተራራ ግርጌ የሚነሳው ጎርፍ ቦርከና ወንዝ የሚደርሰው በከፊል በክፍት ቦይ፣ በከፊል ደግሞ በመንገድና በሱቅ ሥር በተቀበሩ የድንጋይ ቦዮች ነው። የተቀበሩት ቦዮች ሲገነቡ የታሰቡት ለዝናብ ውኃ ነበር። አሁን ከዝናቡ ጋር የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ውኃ፣ የሞላ ሽንት ቤት ትርፍ፣ የጫት ገረባ፣ ፌስታልና ሃይላንድ ይሸከማሉ። ሰው ጎንበስ ብሎ ሊገባባቸው የሚችሉትን፣ ማለትም ከፍታቸው 1.2 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ መንገድ ሳያፈርሱ ከውስጥ ማደስ ይቻላል። ይህ መመሪያ ስለ እነሱ ነው። ለስሌቱ እንዲመች በጠቅላላው አንድ ምሳሌ እንይዛለን፦ ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ከፍታው 1.5 ሜትር፣ ግድግዳና ወለሉ ድንጋይ፣ ጣሪያው አርማታ፣ ተዳፋቱ 3 በመቶ የሆነ ቦይ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። ቦዩ ታጥቦ ግድግዳው እስኪታይ ድረስ ትክክለኛ ሥዕል የሚባል የለም። በተለመደው አካሄድ አማካሪው ከላይ ሆኖ ይስላል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል፣ ተቋራጩ ገብቶ ሲያይ ግድግዳው ሌላ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ቫሪየሽን (የሥራና የዋጋ ለውጥ ጥያቄ)፣ ደብዳቤ፣ ክርክር ይቀጥላል፤ በዚህ መሃል ክረምት ይገባል። እዚህ የምንመክረው ዲዛይነሩ፣ ተቋራጩና የከተማው ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ቦዩ ውስጥ እንዲገቡ ነው።

1. ውሉን ለሁለት ክፈሉት

በመጀመሪያው ምዕራፍ ሦስቱ ወገኖች ቦዩን ያጥባሉ፣ ይለካሉ፣ አጭር ናሙና ይሠራሉ፣ ሥዕሉንና ዋጋውን አብረው ያወጣሉ። ተቋራጩ ለዚህ ሥራ በቀን ሒሳብ ይከፈለዋል፤ በነፃ እንዲመክር መጠበቅ ምክሩን ኋላ በዋጋ ላይ ደብቆ እንዲያስገባ መጋበዝ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ግንባታው በተስማሙበት፣ ሊያልፉት በማይችሉት ከፍተኛ ዋጋ ይካሄዳል። የሲሚንቶ፣ የፌሮ፣ የናፍጣና የጉልበት ወጪ ሁሉ ለሦስቱም ክፍት በሆነ መዝገብ ይያዛል፤ ትርፉ በመቶኛ አስቀድሞ ይቆረጣል።

በሁለቱ ምዕራፎች መካከል መውጫ በር ይኑር። በዋጋ ካልተስማሙ ከተማው ልኬቱንና ሥዕሉን ይዞ ሌላ ተቋራጭ መጥራት መቻል አለበት። ይህ አንቀጽ የሌለበት ውል ሁለተኛውን ምዕራፍ ድርድር ሳይሆን ልመና ያደርገዋል።

ክፍያው በጥቅል አይሁን። ግድግዳው እንደ ጉዳቱ በሦስት ደረጃ ይመደብና ለእያንዳንዱ ደረጃ በካሬ ሜትር ዋጋ ይቆረጥ፦

ደረጃ 1፦ ድንጋዩ ጥብቅ ነው፤ በመገጣጠሚያው ያለው ሞርታር እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ታጥቧል። ጠርጎ እንደገና መሙላት ይበቃል።
ደረጃ 2፦ ሞርታሩ ከዚያ በላይ ሄዷል፤ ግድግዳው በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሳያዘነብል ቱንቢው ላይ ቆሟል። ከኋላው ይሞላል፣ በፌሮ መረብና በሾትክሪት (በአየር ግፊት በሚረጭ ኮንክሪት) ይለበሳል።
ደረጃ 3፦ ግድግዳው አብጧል ወይም ድንጋይ ወድቋል፣ መሠረቱ ተቦርቡሯል፣ የጣሪያው ፌሮ ወጥቶ ዝጓል። እየተደገፈ ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል።

ምደባው በየ2 ሜትሩ በአንድ ገጽ ቅጽ ይሞላል፤ ሦስቱም እዚያው ቦዩ ውስጥ ይፈርሙበታል። የተፈረመው ቅጽ ለክፍያ ሰርተፊኬቱ መነሻ ነው። ያልተጠበቀ ነገር ሲገኝ የከተማው ተወካይ በ24 ሰዓት ውስጥ ይወስን የሚል አንቀጽ ጨምሩ፤ ውሳኔ ሲዘገይ ኮምፕሬሰሩና ሠራተኛው ቆመው ይከፈላቸዋል። ለዚህ የሚውል ከ15 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ ገንዘብ በከተማው እጅ ይያዝ፤ ካልተነካ ግን ከፊሉ ለተቋራጩ እንደሚመለስ ይጻፍ። ያኔ ደረጃ 2ን ደረጃ 3 ነው ብሎ የሚከራከር ይቀንሳል።

በስብሰባው ማን ይቀመጥ ለሚለው፣ ከሦስቱ ሌላ የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት፣ መብራት ኃይል፣ ቴሌ፣ መንገድ፣ የፍሳሽ መጣጭ መኪና ባለቤቶችና የየቀበሌው እድር ዳኞች ያስፈልጋሉ። ብዙ ሰው የእድሩን ጥሪ ከቢሮ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። «ከነገ ጠዋት 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ማንም ወደ ቦዩ ውኃ እንዳይለቅ» የሚለው መልእክት በእድር ለፋፊ ካልደረሰ ሾትክሪቱ ገና ሳይጠነክር ታጥቦ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ግን ፎርማኑና ኖዝል ያዡ (የሾትክሪቱን መርጫ አፍ የሚይዘው ሠራተኛ) ስብሰባው ውስጥ ይኑሩ። «እዚህ ጥግ ኖዝሉ አይዞርም» የሚለውን ዲዛይነሩ ሥዕሉ ሳይፈረም መስማት አለበት።

2. የጊዜ ሰሌዳውን ከዝናቡ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ደቡብ ወሎ ሁለት ዝናብ አለው። ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ በልግ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰሌዳ «እስከ ግንቦት ደረቅ ነው» ብሎ ሲያቅድ በልግን ይረሳል፤ በ3 በመቶ ተዳፋት ላይ ደግሞ የግማሽ ሰዓት የበልግ ዝናብ ባሬላውንም ሰውየውንም ይወስዳል። ውስጥ የሚሠራበት አስተማማኝ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ከዚህ ላይ ገናንና ጥምቀትን፣ የማጠቢያና የማዞሪያ ጊዜን ቀንሱ፤ 70 ያህል የሥራ ቀን ይቀራል። አንድ የሾትክሪት ቡድን ሳይቋረጥ ከሠራ በቀን ከ4 እስከ 6 ሜትር ይጨርሳል፤ ግን ማሽን ይበላሻል፣ ሲሚንቶ ይዘገያል፣ መረብ ማሰሩም ቀን ይበላል። ስለዚህ በአንድ በጋ ከ200 እስከ 250 ሜትር ብቻ ያዙ። ቦዩ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በዘንድሮው በጋ ጨርሳችሁ ግንባታውን ለሚቀጥለው ጥቅምት አድርጉ። ክረምቱ ለዋጋ ድርድርና ለዕቃ ግዥ ይውላል።

በገበያ ቀን ማንሆል አትክፈቱ። ዓርብ ከጁምዓ በፊትና በኋላም መንገድ የሚዘጋ ሥራ ባይኖር ይሻላል።

3. ሰው ከመግባቱ በፊት

የዚህ ሥራ ገዳይ ጋዝ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ይከብዳል፣ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ የተኛ ጭቃ ሲነካ በአንድ ጊዜ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ወደ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 100 እጅ) ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሽታ የለም ብሎ የገባ ብዙ ነው። ሁለተኛው ሟች ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ሊያወጣ ዘሎ የገባው ነው።

አራት ጋዝ የሚለካ መሣሪያ በገመድ አውርዳችሁ ከላይ፣ ከመሃልና ከወለል ለኩ። ኦክሲጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 10 ፒፒኤም ከደረሰ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 25 ፒፒኤም ከደረሰ፣ ተቀጣጣይ ጋዝ ከዝቅተኛው የመፈንዳት መጠን 10 በመቶ ከደረሰ ማንም አይግባ። መሣሪያው ከሚገባው ሰው ደረት ላይ እስከሚወጣ ድረስ አይለይ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች መሣሪያው 20.9 በመቶ ኦክሲጅን ቢያሳይም ሳንባ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የኦክሲጅን ገደቡን ለመሸራረፍ የሚያበቃ ትርፍ የለም።

ማናፈሻውን አስሉት። 50 ሜትር ርዝመት ያለው የምሳሌያችን ቦይ 90 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በሰዓት 1,500 ሜትር ኩብ የሚነፍስ ማናፈሻ አየሩን 10 ጊዜ ለመለወጥ 36 ደቂቃ ይፈልጋል። ሁለቱም ጫፍ ያሉት ማንሆሎች ይከፈቱ፤ ማናፈሻው በአንዱ ንጹሕ አየር ይግፋ፣ በሌላው ይውጣ። ጄኔሬተሩ ነፋሱ ከማናፈሻው በሚያርቅበት በኩል ይቁም፤ አለዚያ ጭሱን ራሳችሁ ወደ ውስጥ ትልካላችሁ። በምንም ምክንያት የኦክሲጅን ሲሊንደር ከፍታችሁ ቦዩን «አታድሱ»፤ እሳት ይጠራል።

የሚገባው ሁሉ የደረት መታጠቂያ ይልበስ፣ ገመዱ ማንሆሉ ላይ በቆመ ባለ ሦስት እግር ማንሻ ይታሰር። አንድ ሰው ከማንሆሉ አፍ አይነሳ፤ ስልክ ለማንሳትም ቢሆን። ጦሳ ላይ ደመና ሲከብድ የሚደውል ሌላ ሰው ከላይኛው መግቢያ አካባቢ ይኑር። ከተማው ፀሐይ ሆኖ ተራራው ሊዘንብ ይችላል።

4. ፍሳሹን አዙሩ

በበጋ ቦዩ ውስጥ ያለው ፍሰት ትንሽ ነው፤ ግን አይቋረጥም። ሦስት ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በበርሜልና በሰዓት ለኩት። ከፍተኛው የሚመጣው ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ፓምፕ የመጀመሪያ ምርጫችሁ አይሁን። በዚህ ከፍታ መሳቢያ ቧንቧ ውኃን የሚያነሳበት የመጨረሻ ገደብ በባሕር ጠለል ካለው 10.3 ሜትር ወደ 7.6 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ከ5 ሜትር በላይ አትመኑ። ተርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የደሴ ተዳፋት ግን ነፃ ፓምፕ ነው። ከላይ በአሸዋ ጆንያና በፕላስቲክ ሸራ ገድባችሁ፣ በግድግዳው ጥግ 250 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቧንቧ ዘርግታችሁ አሳልፉት። ይህ ቧንቧ በ2 በመቶ ተዳፋት ሞልቶ ሲፈስ በሰከንድ ወደ 100 ሊትር ያሳልፋል፤ ለግማሹ ብቻ አስቡት። አፉ ላይ የዶሮ ሽቦ አታድርጉ፤ ገረባው በሰዓት ውስጥ ይደፍነዋል። 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ያላቸው ፌሮዎች አስተኝታችሁ አድርጉ፤ የሚጠርግ ሰውም መድቡ።

5. ማጠብና መለካት

ጭቃው 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በ100 ሜትር ርዝመት 36 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ በአይሱዙ ሰባት ስምንት ምልልስ ነው። እርጥቡን ጭቃ ቦርከና ዳር መድፋት ሥራውን ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር ማዛወር ነው። ጠጠር በተነጠፈበት ቦታ ይንጠፍጠፍ፣ ኖራ ይበተንበት፣ ከዚያ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሂድ።

የድንጋዩን ግድግዳ ከ80 እስከ 100 ባር ባለው ግፊት፣ በሰፊ አፍ ኖዝል እጠቡ። ኮንክሪት የሚያጥብ 200 ባር አሮጌውን የኖራ ሞርታር ጠራርጎ ያወጣና ደረጃ 1 የነበረውን ግድግዳ ደረጃ 2 ያደርገዋል። ሒሳቡም በዚያው ይጨምራል።

ከታች፣ ከመውጫው፣ ዜሮ ብላችሁ በየ2 ሜትሩ በቀለም ቁጥር ጻፉ። ግድግዳውን በ1 ኪሎ መዶሻ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ምቱ፤ ጥብቁ ይጮኻል፣ ባዶው ያጉረመርማል። መገጣጠሚያውን በ8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ወግታችሁ ጥልቀቱን መዝግቡ። የጣሪያውን አርማታ በጠፍጣፋ ብረት ፋቁ። ነጭ እንደ እርጥብ ኖራ የሚለሰልስ ነገር ከወጣና የአሲድ መለኪያው የፒኤች ወረቀት ከ4 በታች ካሳየ ጋዙ በባክቴሪያ ተለውጦ ሰልፈሪክ አሲድ ሆኗል፣ ኮንክሪቱንም ወደ ጄሶ እየለወጠው ነው። ይህ የሚገኘው ውኃው በሚተኛባቸው ወደ ቦርከና በቀረቡ ሜዳማ ክፍሎችና ፍሳሹ ከፍ ብሎ በሚወድቅባቸው ማንሆሎች አጠገብ ነው፤ ሌላውን ጣሪያ በዚህ ጥርጣሬ አታፍርሱ።

ከጎን የሚገባ ቧንቧ ሁሉ ይቆጠር፤ ርቀቱ፣ መጠኑና በሰዓት መቁጠሪያ (12 ጣሪያው፣ 6 ወለሉ ሆኖ) የት ላይ እንደገባ ይጻፍ። የማን እንደሆነ ካልታወቀ የቀለም ውኃ በየቤቱ አፍስሱ፣ ታች ሆኖ የሚጠብቅ ይንገራችሁ። እዚህ ላይ ቅጣት አታስቀድሙ። ሰው ቅጣት ከሰማ ቧንቧውን በድንጋይ ይሸሽገዋል፤ ሾትክሪቱ ከለበሰ በኋላ ደግሞ በመዶሻ ቀዳድዶ ይገባል። የሽንት ቤት ጉድጓድ ትርፍ የሚለቀውን ከመጣጭ መኪና ባለቤቶች ጋር አገናኙ፤ የጣሪያና የግቢ ዝናብ ውኃ ለሚለቀው ግን ሕጋዊ መግቢያ ሥሩለት።

6. የሚበቃውን አስሉ

ብዙ ጊዜ ተዘልሎ ኋላ የሚጸጽት ደረጃ ይህ ነው፤ መልበስ ቦዩን ያጠብበዋልና።

መጀመሪያ ምን ያህል ጎርፍ ይመጣል? የተፋሰሱ ስፋት 0.6 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የመፍሰስ መጠኑ (ከዝናቡ ሳይሰርግ የሚፈሰው ድርሻ) 0.65፣ የዝናቡ ኃይል በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 0.278 × 0.65 × 60 × 0.6 በሰከንድ 6.5 ሜትር ኩብ ይሰጣል (0.278 መለኪያዎቹን ማስማሚያ ነው)። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የእናንተን ከአካባቢው የዝናብ ሠንጠረዥ አውጡ።

አሮጌው ቦይ ከላይ 30 ሳንቲ ሜትር ተትቶለት 1.2 ሜትር ከፍታ ውኃ ሲይዝ፣ በሻካራ ድንጋይ (በማኒንግ ቀመር የሻካራነት ቁጥር 0.025) በሰከንድ 5.4 ሜትር ኩብ ያሳልፋል። ዙሪያውን 8 ሳንቲ ሜትር ስታለብሱት ስፋቱ 1.04 ሜትር ይሆናል፤ ከላይ ያው 30 ሳንቲ ሜትር ሲተው የውኃው ከፍታም 1.04። ሾትክሪቱ በግንበኛ ማንኪያ ተስተካክሎ ከለሰለሰ (0.016) 5.8 ያሳልፋል፤ ጠቧል፣ ግን ተሽሏል። እንደተረጨ ሻክሮ ከተተወ (0.019) ወደ 4.9 ይወርዳል። ማለት «የማስተካከሉ ሥራ ይቅር፣ ጊዜ ይቆጥባል» የሚለው የተለመደ ሐሳብ ቦዩን ከአሮጌውም በታች ያደርገዋል።

ተስተካክሎም ግን ከሚመጣው 6.5 ጋር 0.7 ይጎድላል። ተቋራጩ ጠረጴዛው ላይ ካለ መልሱ እዚያው ይገኛል፤ ከላይ፣ ከከተማው መግቢያ ላይ፣ ትርፉን ወደ ክፍት ቦይ የሚያዞር የውኃ መከፋፈያ መሥራት ከታች 200 ሜትር ከማስፋት ይረክሳል። ጉድለቱ አጥብቆ ካልታየ ግን ሁሉም ተስማምቶ የሚያምር፣ በሐምሌ ማንሆሉን የሚያነሳ ቦይ ይሠራል።

ውኃው በሙሉ ፍሰት በሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ይሮጣል፣ ጠጠርም ይዞ። ስለዚህ ወለሉ ሲ-30 (ጥንካሬው 30 ሜጋ ፓስካል የሆነ) ኮንክሪት፣ ጠጠሩም ከጠንካራ ጥቁር ድንጋይ የተፈጨ ይሁን። ወለሉ ወደ መሃል 5 ሳንቲ ሜትር ይጎድጉድ፤ የበጋው ትንሽ ፍሳሽ ተሰብስቦ ይሮጣል፣ ጭቃ አይተኛም።

7. ከግድግዳው ኋላ ያለው ውኃ

ደሴ የመሬት መንሸራተት የለመደች ከተማ ናት። ቦዩ ሲያፈስ ከጎኑ ያለውን ሸክላማ ተዳፋት ያርሰዋል፤ የረሰ ተዳፋት ደግሞ ቦዩን ይገፋዋል። ስለዚህ አጥብቃችሁ መዝጋት አለባችሁ። ችግሩ፣ ሙሉ በሙሉ ስትዘጉት ከተራራው የሚመጣው የከርሰ ምድር ውኃ ከልባሱ ኋላ ተጠራቅሞ ይገፋና 8 ሳንቲ ሜትሩን ይገነጥለዋል። ሁለቱን የሚያስማማው፣ በታጠበው ግድግዳ ላይ ምንጭ የሚያወጣባቸውን ቦታዎች በቀለም ምልክት ማድረግ ነው። እዚያ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ 50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በፈጣን ሲሚንቶ ተለጥፎ ውኃውን ወደ ታች ያውርድና ከበጋው ፍሰት ከፍታ በላይ በቀዳዳ ይውጣ። ደረቅ በሆነው ግድግዳ ቀዳዳ አትተዉ፤ በክረምት ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያፈሰው እሱ ነው።

8. ሙሌትና ሾትክሪት

ሥራው ሁልጊዜ ከግርጌ ይጀምር። የተቦረቦረው መሠረት በ1.5 ሜትር ቁራጭ፣ አንዱን እየዘለሉ በኮንክሪት ይሞላ። ወለሉን በረጅሙ አትንቀሉ፤ ሁለቱን ግድግዳዎች እንዳይጠጋጉ ደግፎ የያዘው እሱ ነው።

ባዶ ድምፅ የሰጠው ግድግዳ በየ1 ሜትሩ ይበሳና ሲሚንቶና ውኃ በ2 ለ1 ክብደት ተበጥብጦ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከ1 ባር ባነሰ ግፊት ይገፋ። ከጎኑ ባለው ቀዳዳ ሲወጣ ያኛውን ድፈኑና ቀጥሉ። በአንድ ቀዳዳ 4 ከረጢት ገብቶ ግፊት ካልተነሳ አቁሙ። ያ ሁሉ ሲሚንቶ ግድግዳው ኋላ አልቀረም፤ የጎረቤት ሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም የተረሳ ቱቦ አግኝቷል። አንድ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ግቢዎቹን ይጠይቅ።

ከዚያ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ መልሕቅ በየ50 ሳንቲ ሜትር በጠንካራ ድንጋይ ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ይገባል፤ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር የታሰረ መረብ ከግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይንጠለጠላል። መረቡ ሲገፋ መወዛወዝ የለበትም፤ የሚወዛወዝ መረብ ሾትክሪቱን መልሶ ይጥለዋል።

ለደረቅ ሾትክሪት (ውኃው ኖዝሉ ላይ ለሚጨመርበት) 1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ በክብደት በቂ ነው። አሸዋው እርጥበቱ ከ3 እስከ 6 በመቶ ይሁን፤ ከደረቀ አቧራ ይሆናል፣ ከራሰ ማሽኑን ይደፍናል። ሜዳ ላይ ሲታይ፣ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ እጅ የማያርስ አሸዋ ጥሩ ነው። ሲሚንቶውን በሚመለከት፣ ጣሪያውና ቶሎ ውኃ የሚለቀቅበት ወለል በኦፒሲ 42.5 (ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ)፣ ግድግዳው በፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ቢሠራ እንመርጣለን፤ ፒፒሲ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፣ ፍሳሽን ግን ይበልጥ ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ አትቀላቅሏቸው።

ብዛቱን እንዲህ ያዙ። የምሳሌያችን ቦይ ጣሪያና ግድግዳ በአንድ ሜትር ርዝመት 4.2 ካሬ ሜትር ነው። በ8 ሳንቲ ሜትር 0.34 ሜትር ኩብ፤ ለድንጋዩ ጎርባጣነት 15 በመቶ ጨምሩ፣ ተነጥሮ ለሚወድቀው ደግሞ ከሚረጨው ሩቡን አስቡ። ወደ 0.52 ሜትር ኩብ ይደርሳል፤ 4 ከረጢት ሲሚንቶ መሆኑ ነው። የወደቀውን አንስቶ መልሶ መርጨት ክልክል ነው። ቁጠባ ይመስላል፤ ሲሚንቶው ግን ግድግዳው ላይ ቀርቶ የወደቀው ባዶ አሸዋ ነው። ተንከባሎ ጥግ የተቀመጠውም ሳይጠረግ ከተረጨበት በኋላ ተለይቶ ይወጣል።

ኮምፕሬሰሩ በደቂቃ 17 ሜትር ኩብ የሚል ቢሆን እዚህ ከፍታ ላይ ያንን አይሰጥም፤ አንድ መጠን ከፍ ያለ ተከራዩ። ኖዝሉ ከግድግዳው 1 ሜትር ርቆ ቀጥ ብሎ ይያዝ። ወርዱ 1.2 ሜትር በሆነ ቦይ ውስጥ ይህ ከባድ ነው፤ ሰውየው ጀርባውን ከአንዱ ግድግዳ አስደግፎ ሌላውን ይረጫል፤ አጭር ኖዝልም ያስፈልገዋል። ግድግዳው ከታች ወደ ላይ በሁለት ንብር፣ ጣሪያው በ3 ሳንቲ ሜትር ንብር ይረጭ።

ማሽን ካልተገኘ ግድግዳውን በብረት ፎርምወርክ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አርማታ ማልበስ ይቻላል፤ ያኔ የ6ኛውን ስሌት እንደገና ሥሩ። በእጅ የተለሰነ ልስን ብቻውን ግን ለዚህ ቦይ አይሆንም፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ይላጣል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት 10 ሜትር ናሙና በዚሁ ቡድን፣ በዚሁ ማሽን ይሠራ። ከጎኑ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ሣጥን ውስጥ ይረጭና ኮር (ተቦርቡሮ የሚወጣ ክብ ናሙና) ይወሰድ፤ በ28 ቀን 30 ሜጋ ፓስካል ይጠበቃል። ላብራቶሪ ሲፈለግ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን መጠየቅ ይቻላል።

9. ውኃ ማጠጣትና ፍሳሹን መመለስ

የሚረሳው ማናፈሻው ነው። ለሰው ሕይወት የሚነፍሰው አየር ሌሊት ሥራ ከቆመ በኋላም ከቀጠለ ትኩሱን ሾትክሪት ያደርቀዋል፣ እንደ ሸረሪት ድርም ይሰነጥቀዋል። ሰው ሲወጣ ማናፈሻውን አጥፉ፣ ማንሆሎቹን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ፣ ጠዋት ከመግባታችሁ በፊት እንደገና ነፍሳችሁ ለኩ። ለ7 ቀን በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ ይረጭ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ወለሉ ላይ ፍሳሽ የምትለቁት ከ5 ቀን በኋላ ይሁን።

በ7ኛው ቀን ልባሱን በሙሉ በመዶሻ ምቱ። ባዶ ድምፅ የሰጠው በኖራ ይከበብ፣ ይቆረጥ፣ እንደገና ይሠራ።

10. አፉና ክዳኑ

ከላይ መግቢያው ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት የተደረደረ፣ በ45 ዲግሪ የተጋደመ የፌሮ ወንፊት ሥሩ፤ ስፋቱ ከቦዩ አፍ ሦስት እጥፍ ይሁን። ከፊቱ ጠጠርና አሸዋ የሚያርፍበት ጉድጓድ ይኑረው፤ መኪና ደርሶ ሊዝቅበት የማይችል ጉድጓድ ግን በአንድ ክረምት ሞልቶ ይቀራል። የማንሆል ክዳን ከሙሉ ብረት አታድርጉ፣ ቆራሌው ይወስደዋል። በብረት ፍሬም የተያዘ አርማታ ይሻላል። ከባድ መኪና በሚያልፍበት ዋና መንገድ ላይ ክዳኑና ፍሬሙ የመኪናውን ጎማ ጭነት እንዲችሉ ይታሰቡ፤ ፍሬሙ በአስፋልቱ ላይ ሳይሆን በማንሆሉ ግድግዳ ላይ ይቀመጥ።

በርክክቡ ቀን ለከተማው የሚሰጠው የተሠራውን የሚያሳይ ሥዕል፣ የየ2 ሜትሩ ቅጽ፣ የጎን ቧንቧዎች ዝርዝርና በየክፍሉ የተወሰደ ፎቶ ነው። ቁጥሮቹ ግድግዳው ላይ በማይጠፋ ቀለም ይቅሩ። በመጀመሪያው ክረምት፣ ከእያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ ማግስት፣ ሦስቱም ወገኖች ወንፊቱንና መውጫውን ይዩ፤ ወደ ውስጥ የሚገቡት ግን በጥቅምት ፍሰቱ ሲወርድ፣ ጋዙን ለክተው ነው። ያኔ መጀመሪያ የሚታዩት የወለሉ መሃል፣ የምንጭ ቀዳዳዎቹና ከውል ውጭ በመዶሻ የተከፈቱ አዳዲስ ቧንቧዎች ናቸው።